ስለ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ገነት፤ ለሚጐበኝ ሰው የተዘጋጀ ትምህርት

በየአገሩ ነገሥታትና መኳንንት ለዓይን ደስታና ለዕረፍት ያስተከሉት የአታክልት ቦታ ብዙ ነው። የዕፀዋት ገነት የሚባለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመልኩ ሲያዩት ዛፍና አበባ፥ መንገድና የውሃ ምንጭ ያለበት መናፈሻ ይመስላል፤ በሥራው ግን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የተተከለው እያንዳንዱ ተክል እንደ መጽሐፍ ገጽ ሊነበብ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ ስሙና ወገኑ፥ የመጣበት አገርና የገባበት ዘመን በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ስሙ ያልታወቀ ተክል ምንም ያማረ ቢሆን በእንዲህ ያለው ቦታ እንደ እንግዳ ይቈጠራል እንጂ እንደ ቤተ ሰብ አይቈጠርም።

በኢጣልያ አገር ከቬኒስ አጠገብ በምትገኘው በፓዱዋ ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲ ገነት ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜው የታወቀ ነው። የተመሠረተው በ1545 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። የፒዛ ከተማ ገነት በጥቂት ጊዜ ይቀድመዋል፤ ነገር ግን የፒዛው የመጀመሪያ ስፍራውን ለቆ ስለ ተዛወረ፥ በተተከለበት ቦታ ሳይነቃነቅ እስከ ዛሬ የሚኖረው የዩኒቨርሲቲ ገነት የፓዱዋው ሆኖ ቀርቷል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ1997 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል።

ገነቱ እንዲቋቋም ያደረገው ነገር የታመመ ሰው ጉዳይ ነበር። በዚያን ዘመን ሐኪሞች የሚያዙት መድኃኒት አብዛኛው ከሥር፥ ከቅጠልና ከፍሬ የሚወጣ ነበር። ተማሪው የመድኃኒቱን ዕፅ ስም የሚያውቀው ከጥንት የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍት ነበር እንጂ ዕፁን ራሱን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሐኪሙ አንዱን ዕፅ ብሎ ሲያዝ፥ ገበያ ላይ የተቀመጠው ሻጭ ወይ ባለማወቅ ወይ በተንኰል ሌላውን ይሰጣል፤ በሽተኛው ሲሞት ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ይህ ችግር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። አንዱ ስም በሁለት አገር ለሁለት የተለያዩ ዕፆች ሲሰጥ፥ ወይም አንዱ ዕፅ በየወረዳው በልዩ ልዩ ስም ሲጠራ፥ ሥር ማሽ ያልሆነ ሰው በስም ብቻ ተመርቶ ቢቈርጥ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ፍራንቸስኮ ቦናፌዴ የተባለ መምህር ከ1533 ዓ.ም. ጀምሮ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ስለ መድኃኒት ዕፀዋት ያስተምር ነበር። መጽሐፍ እያነበበ ብቻ ማስተማሩ እንደማይበቃ ስለ ተረዳ፥ ተማሮች ዕፁን በሥሩ፥ በቅጠሉና በአበባው እያዩ የሚማሩበት ቦታ እንዲሰጠው ጠየቀ። የቬኒስ ሪፑብሊክም ሸንጎ በ1545 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ ጥያቄውን ተቀብሎ ፈቀደ። ቦታው የቅድስት ዮስቲና ገዳም መነኮሳት ይዞታ የነበረ ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ ሆኖ የተሾመው አንጒላራ በሚል ስም የታወቀው ሉዊጂ ስኳሌርሞ ነበር። ቬኒስ በዚያን ጊዜ በባሕር ንግድ የበለጸገች ስለ ነበረች፥ መርከቦቿ ከግብፅና ከሶርያ፥ ከቆጵሮስና ከቀርጤስ ሲመለሱ ከጨርቁና ከቅመሙ ጋራ ዘርና ችግኝ ይዘው ይመጡ ነበር። ገነቱም በዚህ ምክንያት ቶሎ ሞላ።

ነገር ግን እንደ ሞላ ሌባ መጣበት። የመድኃኒት ዕፅ በገበያ ውድ ስለ ነበረ፥ ሌሊት ሌሊት እየገቡ የሚነቅሉት በዙ። መንግሥትም በሌባው ላይ የገንዘብ መቀጫ፥ እስራትና ከአገር መባረር የሚያደርስ ቅጣት ደነገገ፤ ይህም አልበቃ ብሎ በ1552 ዓ.ም. ክብ የሆነ የግንብ አጥር ተሠራ። ቅጣት ያላስቈመውን ነገር ግንብ አስቈመው ማለት ነው። ይህ ግንብ ዛሬም ቆሞ ስለሚታይ፥ ጎብኚው ከመግባቱ በፊት ውጭውን ዞሮ ቢመለከተው ይጠቅመዋል።

ከግንቡ ውስጥ ሲገባ የሚታየው አሠራር እንደዚህ ነው። በክቡ መካከል አራት ማዕዘን ተሠርቶ በሁለት መንገዶች መስቀልያ ለአራት ይከፈላል። እያንዳንዱ አራተኛ ክፍል ደግሞ በድንጋይ ጠርዝ በተከበቡ ትናንሽ መደቦች ተከፋፍሏል፤ በመደቦቹም ላይ ዕፀዋቱ በየወገናቸው ተለያይተው ይተከላሉ። ጌጥ ለማብዛት ብቻ እንዲህ የተደረገ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። መምህሩ መንገዱ ላይ ቆሞ በየክፍሉና በየመደቡ እየጠራ ተማሪውን ይጠይቀዋል፤ ተማሪው ስሙን ቢረሳ እንኳ ቦታውን ስለማይረሳ በቦታው ስሙን ያስታውሳል። አንድ መደብ ለአንድ ዕፅ መሰጠቱም ዘር ከዘር እንዳይደባለቅ ይከላከላል። በወረዳ የችግኝ ጣቢያ ሁለትና ሦስት ዓይነት ችግኝ በአንድ መደብ ተደባልቆ ሲገኝ፥ በዓመቱ ለገበሬው የሚታደለው ምን እንደ ሆነ አዳዩም ተቀባዩም ሳያውቁ ይቀራሉ፤ የፓዱዋ መደብ ከ470 ዓመት በላይ የኖረው ይህን ስሕተት በመሸሽ ነው።

በገነቱ ውስጥ በሕይወት ካሉት ዕፀዋት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው በ1585 ዓ.ም. የተተከለ አንድ ዘንባባ ነው። ለብቻው ስምንት ማዕዘን ባለው የመስታወት ቤት ተጠብቆ ይኖራል። የጀርመን ባለቅኔ ጎቴ በ1786 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ሲጓዝ ይህን ዘንባባ አይቶ ቆመ። ያስደነቀው ነገር ቁመቱ ወይም ዕድሜው አልነበረም። ከሥሩ አጠገብ የሚበቅለው ለጋ ቅጠል ያልተሰነጠቀና ቀጥ ያለ እንደ ሆነ፥ ከፍ እያለ ሲሄድ ቅጠሉ እየተከፈለ በመጨረሻ እንደ ማራገቢያ እንደሚዘረጋ ተመለከተ። አትክልተኛውንም ለምኖ ከለጋው እስከ ሙሉው ያለውን ቅጠል በተራ አስቈርጦ ይዞ ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1790 ዓ.ም. ዕፀዋት መልካቸውን እንዴት እንደሚለዋውጡ የሚናገረውን መጽሐፉን አሳተመ። ዘንባባው ዛሬም የጎቴ ዘንባባ ይባላል። አንድ ሰው ብዙ ሺህ ተክል ባለበት ቦታ ገብቶ በአንዱ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ መቆሙ ያመጣው ፍሬ ይህ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን አያለሁ ብሎ የሚሮጥ ጎብኚ ግን የሚያተርፈው የእግር ድካም ነው።

ከክቡ ግንብ ውጭ ያለው ክፍል መናፈሻ ሲሆን ታላላቅ ዛፎች ይገኙበታል። በ1680 ዓ.ም. የተተከለ ግንዱ ውስጡ ባዶ የሆነ የምሥራቅ ፕላታኑስ ዛፍ፥ በ1750 የገባ ጊንኮ የተባለ የቻይና ዛፍ፥ በ1786 የተተከለ ማግኖሊያ በዚያ ይታያሉ። ስለ ጊንኮው አንድ ነገር መናገር ይገባል። ይህ ዛፍ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ነው። የፓዱዋው ወንድ ስለ ነበረ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ተማሮች ሁለቱንም ባንድነት እንዲያዩ ከሴት ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው አዳቅለውበት እስከ ዛሬ ይኖራል። በዚሁ ስፍራ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዕፀዋት ኩሬዎችም አሉ፤ የሙቅ አገር ዕፀዋትን በብርድ ወራት የሚያድነው ከምድር ጥልቀት ሞቅ ብሎ የሚወጣ ውሃ ነው።

የመርዝ ዕፀዋት ክፍል ጎብኚውን ሁሉ የሚስብ ነው። መድኃኒትና መርዝ ጎረቤት መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ስፍራ የለም። በኢትዮጵያ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ ለዚህ በቂ ምሳሌ ይሆናል፤ ዘይቱ ሆድ ያጥባል፥ ቈዳ ያለሰልሳል፤ ፍሬው ተቈርጥሞ ቢዋጥ ግን ሰው ሊገድል የሚችል መርዝ አለበት። አስተናግርም እንዲሁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከአሮጌው ገነት አጠገብ አዲስ ክፍል ተከፍቷል። ይህ 100 ሜትር ርዝመትና 18 ሜትር ከፍታ ያለው ታላቅ የመስታወት ቤት ሲሆን፥ ዕፀዋቱ እንደ ጥንቱ በመድኃኒትነታቸው ሳይሆን በሚኖሩበት የአየር ጠባይ ተከፍለው ተቀምጠዋል። ከዝናማማው የቈላ ደን የገባ ሰው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ደረቁን በረሃ ያገኛል። ደጋንና ቈላን በአንድ ቀን መንገድ ለሚወጣና ለሚወርድ ኢትዮጵያዊ ይህ እምብዛም አያስደንቀው ይሆናል፤ ለፓዱዋ ተማሪ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ገነት ለኢጣልያ ገበሬ ያመጣለት ነገር ብዙ ነው። በአሜሪካ ብቻ ይበቅል የነበረው የፈረንጅ ሱፍ በ1568 ዓ.ም.፥ ድንችም በ1590 ዓ.ም. በዚህ እንደ ተተከሉ ተመዝግቧል። ድንች በዚያን ጊዜ ለአበባውና ለእንግድነቱ የሚታይ ነበር እንጂ ለምግብ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነበር፤ በአውሮፓ ድኻውን ከረኀብ ለማዳን የበቃው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ወደ ኢትዮጵያም የመጣው በዕፀዋት ሊቅ እጅ ሲሆን፥ በ1858 ዓ.ም. ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ እንዳስገባው ይነገራል። ድንች በደጋው አገር ሁሉ እስኪስፋፋ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጀ። ስለዚህ አዲስ ዘር ለገበሬ ሰጥቶ በሁለተኛው ዓመት ለምን አልተስፋፋም ብሎ የሚቈጣ ሹም፥ ድንች በየአገሩ ስንት ዘመን ደጅ እንደ ጠና ቢያስብ ቍጣው ይበርድለታል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቡን የሚነካው የቡና ታሪክ ነው። ፕሮስፔሮ አልፒኒ የተባለ ሐኪም በፓዱዋ ተምሮ፥ በ1580 ዓ.ም. የቬኒስ መንግሥት ወኪል ሐኪም ሆኖ ወደ ግብፅ ወረደ። በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ የአገሩን ሕክምናና ዕፀዋት መረመረ። በካይሮ ሕዝቡ ከአንድ ጥቍር መጠጥ እንደማይለይ አየ፤ መጠጡ የሚፈላበትንም ፍሬ የሚያፈራውን ዛፍ በአንድ የቱርክ መኰንን አታክልት ውስጥ ተተክሎ አገኘው። በ1592 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው ስለ ግብፅ ዕፀዋት በሚናገር መጽሐፉ የዛፉን ሥዕል አወጣ፤ አውሮፓውያን የቡናን ዛፍ መልክ በኅትመት ያዩት በዚህ መጽሐፍ ነው። የፍሬውን ስም የጻፈው በላቲን አልነበረም፤ እዚያው ሲጠሩት እንደ ሰማ «ቦን» ብሎ ጻፈው። ቡና የሚለውን ስም ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ቃል ትርጓሜ አያሻውም። አልፒኒ በኋላ በ1603 ዓ.ም. የገነቱ ኀላፊ ሆኖ እስኪሞት ድረስ አገለገለ።

አልፒኒ ያየው ዛፍ ከየመን የመጣ እንጂ መገኛውን አላወቀም። ከእርሱ በኋላ የመጣውም ታላቁ የስዊድን ሊቅ ሊኔ በ1753 ዓ.ም. ለቡና የሳይንስ ስም ሲያወጣ የዐረብ ቡና አለው። የዚህ ቡና ዱር በቀል መገኛው ግን በኢትዮጵያ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደኖች፥ እንዲሁም በባሌ የሐረና ደን መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ስሕተቱ ሲታወቅ ስሙ አልተለወጠም፤ በሳይንስ ሕግ መጀመሪያ የወጣ ስም ስለሚጸና በየገነቱ በቡናው ሥር የሚቆመው ሰሌዳ እስከ ዛሬ ዐረብን ይጠራል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የየገነቱን ኀይልም ጉድለትም የሚያሳይ ነው። የኔዘርላንድ ነጋዴዎች የቡናን ዘር ከየመን ወገን ወስደው በጃቫ ደሴት ተከሉ። በ1706 ዓ.ም. ከጃቫ የቡና ችግኝ ወደ አምስተርዳም የዕፀዋት ገነት ደረሰ። በመስታወት ቤት አድጎ ካፈራ በኋላ፥ በ1714 ዓ.ም. ከዘሩ የበቀለ አንድ ዛፍ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ገጸ በረከት ሆኖ ወደ ፓሪስ ገነት ገባ። ከእነዚህ ከሁለቱ ገነቶች የወጣው ዘር ወደ ሱሪናም፥ ወደ ማርቲኒክና ወደ ካየን ተሻገረ፤ ከካየንም በ1727 ዓ.ም. ወደ ብራዚል ገባ። የዐረብ ቡና አበባ ከሌላ ዛፍ ዱቄት ሳይሻ በራሱ ዱቄት ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ በአምስተርዳም የነበሩት ጥቂት ዛፎች ለአሜሪካ አገሮች ሰፊ እርሻ አባት ለመሆን ቻሉ።

ነገሩ ለነጋዴው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም በውስጡ አደጋ ነበረበት። ከጥቂት ዛፎች የተወለደ እርሻ ሁሉ አንድ ደም ስለ ሆነ፥ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉን ይገድላል። በ1869 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት፥ በዛሬ ስሟ ስሪላንካ፥ ዋግ የመሰለ ብርቱካናማ ዱቄት በቡናው ቅጠል ሥር ታየ። ይህ ሻጋታ ቅጠሉን እያረገፈ ጥቂት ዐሥር ዓመታት ባልሞላ ጊዜ የደሴቲቱን የቡና እርሻ አጠፋ፤ ገበሬዎቹም ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። በ1970 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ብራዚል ደረሰ።

በኢትዮጵያም በ1971 ዓ.ም. ሌላ በሽታ ተነሣ፤ ይህም እሸቱን ፍሬ ገና ሳይበስል የሚያጠቍረው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ ተገለጠ። በጅማ አካባቢ የሚሠሩ የምርምር ሰዎች በየገበሬው ማሳና በየደኑ እየዞሩ፥ ዙሪያው ሁሉ ታሞ ራሱ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ አንድ በአንድ ፈለጉ። ተገኘም። የእነዚያን ዛፎች ዘር አብዝተው ለገበሬው አደሉ። ሴሎን እንዲህ ያለ ዛፍ የሚፈለግበት ደን አልነበራትም፤ ኢትዮጵያ ነበራት። አንድ የወረዳ ሹም ለእርሻ ማስፋፊያ ደን ይመንጠር ተብሎ ወረቀት ሲቀርብለት፥ የሚፈርምበት ነገር እንጨትና መሬት ብቻ እንዳይመስለው የሚያደርግ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010፥ የሸካ ደን በ2012 ዓ.ም. ከዓለም የሕይወት ክልል ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የገቡት ስለዚሁ ነው፤ መዝገብ ብቻውን ግን መጥረቢያ አይመልስም።

አንዳንድ ሰው፥ ዘሩን ሰብስቦ በብርድ ጎተራ ማስቀመጥ አይበቃምን፥ ብሎ ይጠይቃል። ለስንዴና ለገብስ፥ ለጤፍና ለማሽላ ይበቃል፤ እነዚህ ደርቀውና ቀዝቅዘው ብዙ ዘመን ይኖራሉ። የቡና ዘር ግን እጅግ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ የመብቀል ኀይሉን ስለሚያጣ በዚህ መንገድ ለረጅም ጊዜ አይጠበቅም። እንሰትም የሚራባው ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ስለ ሆነ፥ የእያንዳንዱ ዓይነት እንሰት ጠባይ በዘር ፍሬ ተጠብቆ አይኖርም። ስለዚህ ቡናና እንሰት በሕይወት ተተክለው፥ እየታረሙና እየተኰተኰቱ በዕፀዋት ገነት ወይም በማሳ መጠበቅ አለባቸው። በጅማ አካባቢ በጮጬ የተተከለው የቡና መጠበቂያ ማሳ በሺህ የሚቈጠሩ ናሙናዎችን የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት አረም ቢውጠው ወይም ከብት ቢገባበት የሚጠፋው ነገር ከገበያ ተገዝቶ አይተካም።

የገነት በር የሚጠበቀው ከሚገባ ሌባ ብቻ አይደለም፤ ከሚወጣም ተክል ጭምር ነው። በ1662 ዓ.ም. ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ በፓዱዋ የተተከለው ሮቢንያ የሚባለው እሾሃም ዛፍ፥ አበባው ለንብ እንጨቱም ለአጥር ስለ ተወደደ በአውሮፓ ተስፋፋ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የአገሩን ዛፍ እየገፋ የሚያስቸግር ሆኗል። ከደቡብ አሜሪካ ለሐምራዊ አበባው ሲባል በየኩሬው የተተከለውም እምቦጭ በ2011 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ታይቶ ዓሣ አስጋሪውንና በዳርቻው የሚኖረውን ገበሬ ያደረሰበት ጭንቅ የታወቀ ነው። አፈር ይይዛል፥ ጥላ ይሆናል ተብሎ ወደ አፋር የገባው ፕሮሶፒስም የግጦሹን መሬት ወረሰው። ያስገቡት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። የጐደላቸው ነገር ተክሉን በታጠረ ስፍራ ለብዙ ዓመት እያዩ ጠባዩን መመርመር ነበር፤ የዕፀዋት ገነት ካሉት ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው።

ከ1552ቱ የግንብ አጥር ጋራ የሚመሳሰል ሌላ አጥር ዛሬ በሕግ ተሠርቷል። ድሮ የየአገሩ ገነቶች የዘር ዝርዝር እያሳተሙ ያለ ዋጋ ይለዋወጡ ነበር፤ ይህ ልማድ ለትምህርት ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን ዘሩን የወሰደ ሁሉ ለትምህርት የወሰደ አልነበረም። በኢትዮጵያ ጤፍ የሆነው ምስክር ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ኖሮ፥ በ2018 ዓ.ም. በራሱ አገር ፍርድ ቤት መብቱ ፈረሰ። በ1992 ዓ.ም. በሪዮ የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ውል መንግሥታት በዘራቸው ላይ ሥልጣን እንዳላቸው ያረጋግጣል፤ በኢትዮጵያም በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ያለ ፈቃድ ዘር መሰብሰብንና ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ዘር የሚሰበስብ እንግዳ ወደ ወረዳ ሲመጣ፥ በመልካም ተቀብሎ የፈቃድ ወረቀቱን መጠየቅ ነውር አይደለም። የፈቃድ ወረቀት የያዘ ሊቅ ቢጠየቅ አይቀየምም።

ወደ ፓዱዋ ለመሄድ የማይችል ሹም በአዲስ አበባ የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል ማየት ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ2005 ዓ.ም. ባንድነት ያቋቋሙት ሲሆን ስፋቱ 705 ሔክታር ያህል ነው። ፓዱዋ በጥቂት ሔክታር ብዙ አገር የሰበሰበ እንደ ሆነ፥ ጉለሌ በሰፊ ጋራ ላይ የአንድ አገርን ዕፀዋት ለመሰብሰብ የተነሣ ነው። በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ የነበረ ተራራ ላይ ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ሲመለሱ ማየት፥ በየክፍለ ሀገሩ ጋራ ላለው ሹም ከውጭ አገር ጉዞ የማያንስ ትምህርት ነው። ጎብኚው በዚያ ሲዞር ሰሌዳውን ከዛፉ አስቀድሞ ባያነብብ መልካም ነው፤ ቅጠሉን፥ ልጡንና ሽታውን መርምሮ ስሙን ራሱ ገምቶ፥ ከዚያ በኋላ በሰሌዳው ቢያረጋግጥ ያየው ነገር አይጠፋበትም። ቅጠል መበጠስና ዘር በኪስ መያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም።

በሕይወት ካሉት ዕፀዋት ሌላ ሁለተኛው የገነት ሀብት የደረቁ ዕፀዋት መዝገብ ቤት ነው፤ በፓዱዋ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ናሙና አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት በ1959 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፀዋት የሚናገሩት ስምንቱ ታላላቅ ቅጾች በ1980 ተጀምረው በ2009 ዓ.ም. ሲፈጸሙ፥ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዓይነቶች የተገለጹት በእንዲህ ያለ ናሙና ረዳትነት ነው። ነገር ግን መንገድ ያልገባባቸው ወረዳዎች ብዙ ስለ ሆኑ፥ ከዚያ የሚላክ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ትልቅ ዋጋ አለው።

አደራረጉ ቀላል ነው። ስሙ ወይም ጥቅሙ እንግዳ የሆነ ዕፅ ሲገኝ፥ አበባና ፍሬ ያለበት የክንድ ያህል ቅርንጫፍ ይቈረጣል፤ ትንሽ ዕፅ ከሆነ ከነሥሩ ይነቀላል። ቅጠሎቹ አንዱ በፊቱ ሌላው በጀርባው እንዲታይ ተዘርግተው በጋዜጣ ወረቀት መካከል ይገባሉ፤ ከላይና ከታች ሳንቃ ተደርጎ በጠፍር ይታሰራል። ወረቀቱ በየቀኑ በደረቅ ይለወጣል፤ ይህ ካልተደረገ ይሻግታል። ፀሓይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ያጠፋዋል፤ ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ይሻላል። አበባው ሲደርቅ መልኩን ስለሚለውጥ እርጥብ ሳለ የነበረው ቀለም በዚያው ቀን ይጻፋል፤ የዛፉ ቁመትና ሽታውም እንዲሁ። ወረዳውና ቀበሌው፥ ከፍታው፥ ደን ወይም ማሳ ወይም ረግረግ መሆኑ፥ የተቈረጠበት ቀን ይመዘገባል። የአገሩ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም እንደ ተሰማ ይጻፋል እንጂ ወደ ሌላ ቋንቋ አይገለበጥም፤ ለምን እንደሚጠቀሙበትም ከሽማግሌ ተጠይቆ ይጨመራል፤ ነጋሪው ሊገልጠው ያልወደደውን ምስጢር ግን ማስገደድ አይገባም። ሁሉም በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንድ ቍጥር ይሰጠዋል፤ አንደኛው ወደ አዲስ አበባ ይላካል፥ ሁለተኛው በወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ከምስጥና ከእርጥበት ተጠብቆ ይቀመጣል፤ ከአዲስ አበባ የዕፁ ስም ተጽፎ ሲመጣ በዚያው ቍጥር ላይ ይሞላበታል።